ብቻውን ሲሆን ያለቀሰ ሰው

በስለላ ድራማ ውስጥ የማይዋሽ የለም። ሰላዩ ለሚስቱ ይዋሻል፤ አለቃው ለሰላዩ ይዋሻል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሰማውን ውሸት እውነት መስሎት ለሌላው ያቀብላል። የሙያው ባሕርይ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ውሸት ነው፤ ደራሲው ለተመልካቹ የሚዋሸው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው የፈለጉትን ያህል ይሸዋወዱ። ደራሲው ሊያስደነግጠኝ ይችላል፤ ግማሹን አሳይቶ ግማሹን ለሚቀጥለው ሳምንት ሊያሳድርብኝ ይችላል። በዓይኔ ያስመሰከረኝን ነገር ግን ኋላ ዞሮ ሊክደኝ አይገባም።

ክህደቱ የሚፈጸምበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በሰው ፊት የሚያደርገው ሁሉ ለጥርጣሬ ክፍት ነው፤ ሲስቅም ሲቆጣም ሲምልም ለሚያየው ሰው ብሎ ሊሆን ይችላል። በሩን ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ግን ማን እንዲያይለት ነው? ከካሜራው በቀር በክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ያ ትዕይንት የደራሲው መሐላ ነው፤ «ይኸውላችሁ፣ ይህ ሰው ከውስጡ ይህን ይመስላል» ብሎ ለእኛ የማለበት። ከአሥር ክፍል በኋላ ያው ሰው የጠላት ሰላይ ሆኖ ሲገኝና ያ ልቅሶ ማስመሰል ነበር ስንባል፣ ማንን ለማታለል አስመሰለ ብለን ብንጠይቅ መልስ አይገኝም። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኛ ብቻ ነን። የተታለልነውም እኛ ብቻ ነን።

እንዲህ ያለውን ክፍል አይተን ስንጨርስ «ጉድ ነው፣ በፍጹም አልጠበቅኩም ነበር» ብለን የምናደንቅ ብዙዎች ነን። አለመጠበቅ በራሱ ምን ያስመሰግናል? የድራማው ሰው ትናንት ካደረገው ጋር የማይገናኝ ነገር ዛሬ ቢያደርግ ማንም አይጠብቀውም። ለዚያ ችሎታ አያስፈልግም። ችሎታ የሚጠይቀው ያልጠበቅነው ነገር ሲመጣ ወደኋላ ተመልሰን «ለካ እዚያ ላይ ነግሮን ነበር» እንድንል ማድረግ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ንግር የሚሉት ይህን ነው፤ የስለላ ታሪክ ያለ ንግር አይቆምም።

አባቶቻችን ጥፋተኛን ያወጡባቸው ከነበሩት መንገዶች ሁለቱ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ይሆኑኛል። አንዱ ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ ከዕፅ የተቀመመ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮ ጫፉን አንድ ሰው ይይዛል። ልጁ በመጠጡ ኃይል እየተንገዳገደ መንደሩን ያዳርሳል፤ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ይባላል። መቼ ሰረቀ፣ በየት ገባ፣ ዕቃውን ለማን ሸጠ የሚል ጠያቂ የለም። ልጁ ወድቋል፤ ነገሩ አልቋል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰዉ ከሥራው ተፈትቶ ሊመላለስ ይችላል። ያኛው በሬ ሲነዳ ያየበት ሰዓት ከዚህኛው ውሻ ሲጮህ ከሰማበት ሰዓት ጋር ይገጥማል፣ አይገጥምም ይባላል። ስሙ ሳይገለጥ የሚጠቁም ሰውም ነበረበት፤ ወፍ ይሉታል። አውጫጭኝ ግፍ የሌለበት ሥርዓት ነበር ማለቴ አይደለም። ድሃውን ከእርሻው ያስቀር ነበር፤ የወፍ ቃል ብቻውን እንዲበቃ የፈቀደ ጉባኤም ፍርዱን ለቂመኛ አሳልፎ ይሰጣል። ቢሆንም ሰው በሰው ላይ ሲመሰክር «በምን አየህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት አደባባይ ነበር።

በቴሌቪዥን የማየውን የስለላ ክፍል ሁሉ በእነዚህ ሁለቱ እመዝነዋለሁ። ምስጢሩ የወጣው በሌባ ሻይ ነው ወይስ በአውጫጭኝ? ደራሲው ሰውየውን ከሃዲ ያደረገው ልጁ በሩ ላይ ስለወደቀ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የተሰጠው ምስክርነት እየገጠመ ወደዚያ ስላደረሰ?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር እንደ ሌላው አገር ሁሉ የወሎዋ ከተማችን መርሳም ማታ ማታ የቱርክ ድራማ ስታይ ታመሽ ነበር። ዲሽ ያለው ቤት የሌለውን ጎረቤት ይጠራል፤ ቡናው ተፈልቶ ይጠበቃል። ከእነዚያ አንዱ የነበረው «ጥቁር ፍቅር» የፖሊስ ድራማ እንጂ የስለላ አይባልም፤ ሴራው ግን ያው ነው። የኦማር እጮኛ ተገድላ ትገኛለች፤ ገዳዩን ሲያሳድድ የሚኖረው ኦማር ገዳዩ ታላቅ ወንድሙ፣ እሱም ፖሊስ የሆነው ሁሴን መሆኑን አያውቅም። እኛ ግን ከኦማር ቀድመን እናውቃለን። ደራሲዎቹ ምስጢሩን ለመጨረሻ ድንጋጤ አላስቀመጡትም፤ ቀድመው ለእኛ አስረክበው ሁሴንን ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጡት። እያንዳንዷ ጉርሻ ታስጨንቃለች። አንድ ማታ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲያዩ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ወንድሙን እወዳለሁ የሚለው ውሸቱን ነው አይደል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኧረ ልጄ፣ መውደዱስ እውነቱ ነው» አሉት። «መግደሉም እውነቱ ነው። እኔን የጨነቀኝ ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ ማደራቸው ነው።» በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ካነበብኩት ብዙ ነገር ይህን አስበልጣለሁ። ሁሴን በሠራው አይታመንም፤ እንደ ገጸ ባሕርይ ግን የታመነ ነው። ፍቅሩም ወንጀሉም አይሻሩም።

የስለላን ታሪክ በአማርኛ ማንበብ ካስለመዱን ሰዎች ቀዳሚው የዚሁ የወሎ ልጅ፣ የዋጉ ተወላጅ ማሞ ውድነህ ነው። «ጊለን የክፍለ ዘመኑ ሰላይ»፣ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ»፣ «የኦዴሳ ማኅደር»፣ «ሰላዩ ሬሳ»፤ አባቶቻችን በፋኖስ ሲያነቧቸው ያደሩ መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የሬሳው ታሪክ ገጸ ባሕርይን ስለማሳመን ከማውቀው ሁሉ ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ1943 እንግሊዞች ሲሲሊን ሊወሩ ሲሰናዱ ጀርመኖች ዓይናቸውን ወደ ግሪክና ሰርዲኒያ እንዲያዞሩ ፈለጉ። የአንድ ምስኪን ሰው ሬሳ የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ «ሻለቃ ዊልያም ማርቲን» የሚል ስም ሰጥተው፣ የሐሰት ወታደራዊ ደብዳቤ በቦርሳ አስይዘው ስፔን ዳርቻ ባሕር ላይ ጣሉት።

ከደብዳቤው ይልቅ ኪሱ ውስጥ የከተቱለት ነገር ይደንቃል። የእጮኛ ፎቶግራፍና የፍቅር ደብዳቤዎች፣ የቲያትር ቤት ቲኬት ቅዳጅ፣ የቀለበት መግዣ ደረሰኝ፣ በዚህ ላይ ደግሞ ካለህ ገንዘብ በላይ አውጥተሃልና ክፈል የሚል የባንክ ማስጠንቀቂያ። የስለላ መኮንኖቹ ምን እንደሚያሳምን ገብቷቸዋል። ነውር የሌለበት፣ ሁሉ የተሟላለት መኮንን የተፈጠረ መሆኑ ያስታውቃል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ኖሯል። ስለ ጦርነቱ የጻፉት ሁሉ ሐሰት ሆኖ ሳለ ስለ ሰውየው የጻፉት የሰው ልጅን እውነት ይዟል፤ ወጣት ነው፣ አፍቅሯል፣ ከአቅሙ በላይ ቀለበት ገዝቷል። ጀርመኖቹ ያመኑት ያንን ነው። ዛሬ ተከታታይ ድራማ የሚጽፉልን ሰዎች ሰላያቸውን መነጽርና ጥቁር መኪና ሲሰጡት፣ ዕዳውን ማን ይስጠው?

እኛም የራሳችን የስለላ ታሪክ አለን፤ ለዚያውም መነሻው ቅርባችን ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ ስንወርድ የምናገኛት ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል የተዋዋሉባት ናት። አንቶኔሊ ከሸዋ ቤተ መንግሥት ለዓመታት የተላመደ፣ የሚታመን እንግዳ ነበር። ያንን እምነት ተመርኩዞ በጣልያንኛው ቅጂ ውስጥ የአገሪቱን ነጻነት የሚወስድ ሌላ ነገር አስገባ። ጦሱ በሰባት ዓመቱ ዓድዋ ላይ ሲፈታ፣ በዚህ ጊዜ የሚታመነው ሰው በሌላኛው ወገን ቆሞ እናገኘዋለን። ጣልያኖች የእኛ ሰላይ ነው የሚሉት ባሻ አውዓሎም ሐረጎት የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ አደረሳቸው።

የጣልያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለምን አመነው? የሴራውን አመክንዮ እዚህ ላይ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ባራቲየሪ ራሱም ስንቁ ተመናምኖ ሊያፈገፍግ ያስብ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም የላከበት የነቀፋ ቴሌግራም ደግሞ ክብሩን ነክቶታል። የሰበሰባቸው ጄኔራሎች፣ አሪሞንዲ፣ አልቤርቶኔ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና፣ ወደፊት እንግፋ አሉት። አውዓሎም ያመጣው ወሬ ከሚያውቀው እውነት ጋር ይገጥማል፤ ከሚመኘው ጋርም ይገጥማል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት የተፈጸመው እንዲህ ካለ ሰው፣ እንዲህ ካለ ጭንቀት የሚጠበቅ ነው። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ደራሲውን «አምጥተህ ለጠፍክብኝ» ሊለው አይችልም። ውሸት ከእውነት አጠገብ ካልተቀመጠ ማንንም አያሳምንም፤ የስለላ ድራማ የሚጽፍ ሰው ይህን ከዓድዋ መማር ይችላል።

ከባሕር ማዶዎቹ አንድ ክፍል ከሁሉም ይበልጥ ሲከራከረኝ ኖሯል። «ዘ አሜሪካንስ» እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 የታየ ድራማ ነው፤ የፈጠረው ጆ ዌይዝበርግ ራሱ የሲአይኤ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ፊሊፕና ኤልሳቤጥ ባልና ሚስት መስለው ዋሽንግተን አጠገብ የሚኖሩ የኬጂቢ ሰላዮች ናቸው፤ ልጆች ወልደዋል፤ ስታን የሚባል የኤፍቢአይ መርማሪ ጎረቤታቸው ሆኖ ይገባል። በመጀመሪያው ክፍል ስታን ተጠራጥሮ ሌሊት ተደብቆ የእነፊሊፕን መኪና ማቆሚያ ከፍቶ ይፈትሻል፤ ምንም አያገኝም፤ ፊሊፕ ግን ሽጉጡን ይዞ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጫወታሉ። በመጨረሻው ክፍል ስታን እውነቱን ደርሶበት ሌላ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሣሪያ ደግኖ ያስቆማቸዋል። ረጅም ንግግር ነው፤ ተኩስ የለም። በመጨረሻ መንገድ ይለቅላቸዋል።

ብዙ ተመልካች ይህን አልተቀበለውም። ዕድሜውን ሰላይ ሲያድን የኖረ መርማሪ እንዴት ይለቃል? እኔ እቀበለዋለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ ያ ትዕይንት አይደለም፣ ከዓመታት በፊት ያየነው ነው። ስታን የባልደረባውን ደም ለመበቀል ሲል በእጁ የወደቀ ያልታጠቀ ሩሲያዊ ወጣት ገድሏል፤ ያ ግድያ አልለቀቀውም። ኋላም አንድ ሩሲያዊ በማስፈራሪያ ሰላይ እንዳይደረግ ብሎ የራሱን ሥራ አደጋ ላይ ጥሏል። ሥራው የሚጠይቀውና ሕሊናው የሚችለው ሲለያዩ አይተናል። አውጫጭኙ ተካሂዷል፤ ምስክሮቹ ይገጥማሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ፊሊፕ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ተናግሮ ይሄዳል፤ የስታን ሚስት ሬኔም የእኛው ሰው ሳትሆን አትቀርም፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም ይለዋል። ምናልባት ለወዳጁ አስቦ ነው። ማስረጃ ግን አልሰጠውም፤ ድራማውም መልሱን ሳይሰጠን ያልቃል። ስታን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሚስቱ ቡና ስትቀዳለት ምን ያያል? ፍቅሯ ልክ እንደ ትናንቱ ቢሆን ያ ማስረጃ አይሆነውም፤ ጥሩ ሰላይም እንዲሁ ታደርጋለችና። ቀዝቀዝ ብትል ያው ይጠረጥራል። ያለ ማስረጃ የተዘራ ጥርጣሬ ማፍረሻ የለውም፤ ንጹሕ መሆን ራሱ አያድናትም።

ይህን መርሳ ሆኖ ያየ ሰው ከሌላው ተመልካች የተለየ ነገር ያያል። ከተማችን በደሴና በወልድያ መካከል አስፋልቱ ላይ የተዘረጋች ናት፤ መንገደኛ ማንጎ ሊገዛ ይቆማል፣ ሹፌር ያድራል፣ የማይታወቅ ፊት ጠፍቶባት አያውቅም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች መርሳ የምትገኝበትን የሐብሩ ወረዳ ሲይዙ ስልክም መብራትም ባንክም ተቋረጠ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው ጥያቄ ግን እያንዳንዱ ቤት ገባ። ማን ጠቆመ? ያ ሰው ለምን ሳይነካ ቀረ? እሷ ለምን አወራቻቸው? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ሰርክ የሚነገርበት ጊዜ ነበር፤ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውም እንደዚሁ። ያን ጊዜ ብዙው ሰው እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ ጠቋሚም ሰርጎ ገብም በጦርነት ውስጥ አለ፤ የለም ብሎ መከራከር አይቻልም። ችግሩ የጠቋሚነት ምልክት ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ሁሉ የመኖርም ምልክት መሆኑ ነው። ልጁ የታመመበት ሰው መድኃኒት ፍለጋ ከማን ጋር አያወራም?

ከጦርነቱ ግንባር ውጭም ይኸው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን በበቂ ጥርጣሬ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ፈቀደ። አዲስ አበባ ላይ የተደረገው እስራት ብሔርን መነሻ ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩትም ውስጥ አረጋውያንና ልጅ የያዙ እናቶች እንደነበሩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ሰሞን አሳውቋል። «በምን አየህ?» የሚለው ጥያቄ ሲቀር ሰው በስሙ ይጠረጠራል። መጠጡን የጠጣው ልጅ አገሩን ሲያዳርስ ነበር።

ስለዚህ የአንድ ቴሌቪዥን ድራማ አመክንዮ መጉደል ለእኔ የጥበብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ለተመልካች በየሳምንቱ «የሚስቅልህ ጎረቤት ያለ ምንም ምልክት ከሃዲ ሊሆን ይችላል» የሚል ድራማ፣ ሰውን በሥራው ከመመዘን ይልቅ በሥጋት መመዘንን ያለማምዳል። ምልክት ሊኖር ይገባል፤ ምልክቱም ፊት ለፊታችን ተቀምጦ እኛ ያላስተዋልነው ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ከድንጋጤው ጋር የማስተዋል ትምህርት ይዞ ይነሣል። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ የሆነውን ከሥሩ ሳይሰሙ ወደ እርቁ አይሄዱም፤ ነገሩ ያልተነገረበት እርቅ አይጸናም። ከእነሱ የሚያንስ ትዕግሥት ያለው የድራማ ደራሲ ሦስት ዓመት የሚታይ ታሪክ ባይጀምር ይሻላል።

የስለላ ድራማዎች ሁሉ፣ ጥሩዎቹም ጭምር፣ የሚረሱት አንድ ገጸ ባሕርይ አለ። ለማሳሳቻ የቆመው ሰው ነው። በሁለት ሦስት ክፍል ሙዚቃው ሁሉ እሱን እንድንጠረጥር ያደርገናል፤ ይከተሉታል፣ ይይዙታል፣ ይመረምሩታል፣ አንዳንዴም ይደበድቡታል። ከዚያ እውነተኛው ሰላይ ሲገኝ ይለቀቃል፤ ታሪኩ ከእውነተኛው ጋር ይሄዳል፤ እሱን ዳግመኛ አናየውም። በትልቅ ከተማ የሚኖር ደራሲ እንዲህ ቢያደርግ አይገርመኝም፤ እዚያ ሰው ሰፈር መቀየር ይችላል። መርሳ ውስጥ ግን በስህተት የተጠረጠረው ሰው ከተለቀቀ በኋላ የሚመለሰው እዚያው ቤቱ ነው። የጠቆመው ሰው ቤት ከእሱ ቤት ጋር በአጥር ይገናኛል። ዕድራቸው አንድ ነው፤ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ለቅሶ ሲኖር አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የአማርኛ ተከታታይ ድራማ የሚጽፍ ሰው ያን ክፍል እንዲጽፍልን እፈልጋለሁ። ሰላዩ የተያዘበትን ሳይሆን ንጹሑ የተመለሰበትን። ልቅሶ ድንኳን ውስጥ የሁለቱ ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ብቻውን ከማንኛውም የመኪና ማሳደድ የበለጠ ልብ ይሰቅላል፤ ደራሲው ግን አስቀድሞ የቤት ሥራውን መሥራት አለበት። ጠቋሚው ያን ቀን በትክክል ምን እንዳየ፣ ካየው ውስጥ ስንቱን በዓይኑ ስንቱን በፍርሃቱ እንዳየ፣ ዛሬስ ያንኑ ቃል በአደባባይ ለመድገም ፈቃደኛ መሆኑን።